ድምፅና ስፍራው፤ ከጀፎረ እስከ ስቴሪዮ

በጉራጌ አገር ጀፎረ በሚባለው ሰፊ የመንደር መስክ፣ በመስቀል በዓል የሚዘፈነውን ዘፈን የሚሰማ ሰው፣ ዓይኑን ቢጨፍን እንኳ አውጪው በየት በኩል እንደ ቆመ፣ ተቀባዮቹም በየት እንደ ተሰለፉ አይስተውም። ይህን ዕውቀት የሚሰጡት ሁለቱ ጆሮዎቻችን ናቸው። ከቀኝ የመጣ ድምፅ ለቀኝ ጆሮ ቀድሞና በርትቶ ይደርሳልና፤ ልዩነቱ ከሴኮንድ አንድ ሺኛ ያነሰ ቢሆንም አእምሮ ይለየዋል።

ይህንኑ በመሣሪያ ለማስገኘት ብዙ ተደክሟል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1881 ፈረንሳዊው ክሌማን አዴር በፓሪስ ኦፔራ መድረክ ላይ የድምፅ መቀበያ ደርድሮ፣ ለየአድማጩ ሁለት የስልክ ማዳመጫ በመስጠት ትርዒቱን ከሩቅ አሰማ። በ1931ም እንግሊዛዊው መሐንዲስ አለን ብሉምላይን ለስቴሪዮ አሠራር የፈጠራ መብት ጠየቀ። ይሁን እንጂ የስቴሪዮ ሸክላ በገበያ የተስፋፋው ከ1958 ወዲህ ነው። በአገራችንም በ1969 አቶ አምኃ እሸቴ በግል ሸክላ ማሳተም ጀመሩ፤ ከጉራጌ ወላጆች በአዲስ አበባ የተወለዱት ድምፃዊ ማሕሙድ አሕመድም በ1975 «ኧሬ መላ መላ»ን በካይፋ አሳታሚነት አወጡ። ኋላም ካሴት የሸክላን ቦታ ወረሰ።

ነገር ግን ዕቃው በወልቂጤ ወይም በቡታጅራ ከአንድ ሳሎን መግባቱ ብቻ አይበቃም። አንዱ ስፒከር ከቁም ሳጥን ላይ፣ ሌላው ከበር ጥግ ቢቀመጥ ዘፋኙ ስፍራውን ያጣል። ሁለቱ በጆሮ ከፍታ፣ ከግድግዳ ራቅ ብለው ይቁሙ፤ በመካከላቸው ያለው ርቀት ከእያንዳንዳቸው እስከ አድማጩ ካለው ርቀት ጋር ይተካከል። አንዱ በ34 ሳንቲ ሜትር ቢቀርብ፣ ድምፁ በሴኮንድ አንድ ሺኛ ያህል ስለሚቀድም ዘፈኑ ሁሉ ወደዚያ ያደላል። ሽቦውም በአንዱ ወገን ቀዩ በጥቁሩ ስፍራ ቢገባ ወፍራሙ ድምፅ ይሳሳል፤ መካከሉም ይበተናል። ባዶ ግድግዳ ድምፅን ስለሚመልስ መጋረጃና ምንጣፍ ይረዳሉ። ይህ ሁሉ ከተሟላ፣ የዘፋኙ ድምፅ ምንም ዕቃ ከሌለበት ከመካከል ይሰማል።

ከዚህ የሚበልጥ ቁም ነገር ግን አለ። የተሳሳተ አቀማመጥ ነገ ይታረማል፤ በአንድ መቀበያ ብቻ የተቀዳ ዘፈን ግን አውጪውንና ተቀባዩን በአንድ ነጥብ ጨፍልቆ አስቀርቷልና፣ የትኛውም ስፒከር ያንን ስፍራ በእውነት አይመልሰውም። ስለዚህ የአባቶችን ዘፈን የሚቀዳ ሁሉ፣ ባለዜማዎቹ በሕይወት ሳሉ ሁለት መቀበያ ይዞ ይውጣ፤ ለልጆቻችን ዜማውን ብቻ ሳይሆን ጀፎረውንም ያቆይላቸዋልና።