የታምፖን ታሪክና ያስተማረን ጥንቃቄ

የዴንቨሩ ሐኪም ኧርል ሃስ ማስገቢያ ቱቦ ላለው ታምፖን የፈጠራ ባለቤትነት መብት ያገኙት እ.ኤ.አ. በ1933 ነበር። ፈጠራው ለብዙ ሴቶች የወር አበባን ጊዜ አቀለለ። በ1970ዎቹ ግን አምራቾች ብዙ ደም የሚመጡ ታምፖኖችን ለማቅረብ ይፎካከሩ ጀመር።

በ1978 ጄምስ ቶድና ባልደረቦቻቸው በሰባት ልጆች ላይ የታየ፣ ከስታፊሎኮከስ ኦሪየስ ጋር የተያያዘ ሕመም “ቶክሲክ ሾክ ሲንድሮም” ብለው ገለጹ። በ1980 የአሜሪካ ሐኪሞች ይህንኑ ሕመም በወር አበባ ላይ በነበሩ ጤነኛ ወጣት ሴቶች ላይ አዩ፤ ድንገተኛ ትኩሳት፣ ሽፍታና የደም ግፊት መውረድ ነበር። በዚያ ዓመት ብቻ 38 ሴቶች መሞታቸው ተመዘገበ። “ሪላይ” የተባለው እጅግ መጣጭ ታምፖንም በዚያው ዓመት ከገበያ ወጣ። ከ1990 ጀምሮ የመምጠጥ አቅም በማሸጊያው ላይ በወጥ መለኪያ እንዲጻፍ ተደረገ።

በሽታው ዛሬ እምብዛም ባይታይም ትምህርቱ አልተለወጠም። ተጠቃሚዋ እጇን ታጥባ፣ ለደሟ መጠን የሚበቃውን ዝቅተኛ መጣጭ ትምረጥ፤ በየ4 እስከ 8 ሰዓቱም ትቀይረው። እኛም ትኩሳትና ሽፍታ ይዛ የመጣችን ሴት ታምፖን መጠቀሟን ሳንጠይቅ አናሰናብታት፤ ካለም ወዲያውኑ ይውጣ። የ1980ዎቹን ሕሙማን ምስጢር የፈታው ይኸው ቀላል ጥያቄ ነበርና።