ብረት ሲጎድል መርዝ ይገባል

የኢትዮጵያ ምግብ በብረት ማዕድን የሞላ መሆኑ ለዓለም ሳይንስ የተገለጠው በጤፍ ነው። ስዊድናዊው ሐኪም ይንግቬ ሆፍቫንደር እ.ኤ.አ. በ1968 ባሳተሙት ጥናት (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)፣ ኢትዮጵያውያን በቀን በመቶዎች የሚቆጠር ሚሊግራም ብረት ይመገቡ እንደነበር አሳዩ። በመውለጃ ዕድሜ ላለች ሴት የሚመከረው 18 ሚሊግራም ገደማ ብቻ ነው። በ1980 ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች ጤፉን በአሲድ አጥበው ሲለኩት ግን ብረቱ እጅግ ቀነሰ። አብዛኛው ብረት ከብት እህሉን ሲያበራይ ከተቀላቀለ የአውድማ አፈር የመጣ ነበር። የወለጋ መሬት ቀይ የሆነው በዚሁ ብረት ነው፤ የአፈር ብረት ግን በአንጀት ውስጥ ስለማይሟሟ ወደ ደም የሚያልፈው ጥቂት ነው።

በ2016 የተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከመውለጃ ዕድሜ ሴቶች 24 በመቶ፣ ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት ካሉ ሕፃናት ደግሞ 57 በመቶ የደም ማነስ እንዳለባቸው አረጋገጠ። ወባና የአንጀት ትላትል ድርሻ አላቸው፤ የብረት እጥረትም እንዲሁ።

እጥረቱ ከድካም ያለፈ አደጋ አለው። በ1997 ማንነቱ የታወቀው የአንጀት ብረት አስተላላፊ ፕሮቲን መርዛማውን ካድሚየምንም ያሳልፋል። ሰውነት ብረት ሲያጣ አስተላላፊዎቹን ያበዛል፤ መርዙም አብሮ ይገባል። በ1978 በሰዎች ላይ በተደረገ ጥናት፣ የብረት ክምችታቸው ዝቅተኛ የሆኑት ከተመገቡት ካድሚየም በአማካይ 8.9 በመቶ ሲወስዱ፣ በቂ ክምችት ያላቸው 2.3 በመቶ ብቻ ወሰዱ። ካድሚየም በኩላሊት ውስጥ ለአሥርተ ዓመታት ይቆያል። በጃፓን የጂንዙ ወንዝ ዳርቻ፣ ከማዕድን ማውጫ በወጣ ካድሚየም አጥንታቸው እየተሰበረ የተሠቃዩት በአብዛኛው ብዙ የወለዱ ሴቶች ነበሩ። የጃፓን መንግሥት ሕመሙን የብክለት በሽታ ብሎ ያወጀው በ1968 ነው። እርሳስም ብረትና ካልሲየም በጎደለው ሰውነት ውስጥ በቀላሉ ይከማቻል፤ ከሁሉ በላይ የሚጎዱት ሕፃናት ናቸው።

እርሳስ ያለበት ቤንዚን ከአገራችን ከወጣ ቆይቷል፤ በቀለም ውስጥ ያለውም በ2018 በወጣ ደንብ ተገድቧል። አሮጌ ባትሪና እርሳስ ባለው ቀለም የተቀባ ግድግዳ ግን በየከተማው አሉ። የብረት እጥረቱን የሚያባብስ ልማድም አለ፤ በወለጋዋ ነቀምቴ ቡና ከምግብ ጋር ተያይዞ ይጠጣል፤ ቡና ደግሞ ከምግቡ ጋርም ሆነ ከአንድ ሰዓት በኋላ ሲጠጣ የብረትን መመጠጥ ይቀንሳል። ነፍሰ ጡር እናት ቡናዋን ከምግብ አርቃ ብትጠጣ፣ ብረቱ እንዲመጠጥ ከሽሮው ጋር ማንጎ ወይም ሎሚ ብትጨምር፣ በጤና ጣቢያ የሚሰጣትን የብረት እንክብል ሳታቋርጥ ብትወስድ ራሷንም ልጇንም ትጠብቃለች።

ይህ መርዙን ከምንጩ ማስወገድን አይተካም። የጤና ባለሥልጣናት ግን የብረት እንክብልን የደም ማነስ መድኃኒት ብቻ አድርገው ሊያዩት አይገባም፤ ከብክለት መከላከያዎች አንዱ አድርገው ሊበጅቱለትና ለእናቶች ሳይቆራረጥ ሊያደርሱት ይገባል።