የበለዘ ጥርስና የጉድጓድ ውኃ፦ ከወንጂ ታሪክ የምንማረው

በስምጥ ሸለቆ ከተሞች ወደ ጥርስ ሐኪም ዘንድ የሚቀርብ ወጣት ብዙ ጊዜ የሚጠይቀው ሕመሙ እንዲታገሥለት ሳይሆን የበለዘ ጥርሱ እንዲነጣለት ነው። በአዳማ፣ በመቂና በመተሐራ አካባቢ ተወልደው ካደጉት መካከል ብዙዎች ሲስቁ አፋቸውን በእጃቸው ይሸፍናሉ። ከሌላ አካባቢ የመጣ ሰው ጥርሳቸውን የማይፍቁ አድርጎ ይገምታቸዋል። ይህ ግምት ስሕተት መሆኑን የሚያስረዳ ታሪክ ከአዳማ በስተ ደቡብ፣ በወንጂ ሜዳ ላይ ይገኛል።

ኤች ቪ ኤ የተባለው የኔዘርላንድ ኩባንያ በወንጂ ያቋቋመው የስኳር ፋብሪካ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1954 ሲሆን፣ የሸዋ ፋብሪካ በ1962 ተከተለው። ከከምባታ፣ ከሐድያ፣ ከወላይታና ከሌሎችም አካባቢዎች በሺህ የሚቆጠሩ ሠራተኞች ወደ ሸንኮራ እርሻው ጎረፉ። የሚጠጡትም ከጥልቅ ጉድጓድ የሚወጣ፣ ለዓይን የጠራ ውኃ ነበር። ዳሩ ግን የሸለቆው የእሳተ ገሞራ አለት ፍሎራይድ ለውኃው ይሰጣል። ውኃው ካልሲየም ስለሚያንሰውም ፍሎራይዱ ሳይዘቅጥ ሟሙቶ ይቀራል። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ሲሆን፣ በአካባቢው ከ10 ሚሊ ግራም በላይ የያዙ ጉድጓዶች ነበሩ።

ጉዳቱ በሁለት መልክ ተገለጠ። ቋሚ ጥርሶች ከድድ ሥር በሚሠሩባቸው የመጀመሪያዎቹ ስምንት ዓመታት ገደማ ይህንን ውኃ የጠጡ ሕፃናት የጥርሳቸው ልባስ ተበላሽቶ ወጣ። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1987 ባሳተሙት ጥናት፣ ከልደታቸው ጀምሮ በስምጥ ሸለቆ ከኖሩት የናሙና ሕፃናት ከ80 በመቶ በላይ የሚሆኑት የጥርስ ፍሎሮሲስ ታይቶባቸዋል። ጎልማሶች ሆነው የመጡት ሠራተኞች ጥርሳቸው አስቀድሞ ተሠርቶ ስለነበር ከመበለዝ ዳኑ፤ ከ10 ዓመት በላይ ከጠጡት መካከል ግን አጥንታቸው የደነደነ፣ አከርካሪያቸው የታሰረ፣ ነርቫቸውም የተጎዳ ሕሙማን ተገኙ። እንግዲህ የሕፃናቱ ጥርስ ለአባቶች አጥንት የማስጠንቀቂያ ምልክት ነበር ማለት ይቻላል።

መፍትሔ ፍለጋውም የቆየ ነው። በወንጂ ሸዋ ፍሎራይዱን በአክቲቬትድ አሉሚና የማጣራት ሥራ ተጀመረ። ከብዙ ዓመታት በኋላ በሌሎች የሸለቆው መንደሮች በአልሙና በኖራ የሚሠራው የሕንዶቹ የናልጎንዳ ዘዴና የተቃጠለ የአጥንት ከሰል ተሞከሩ። ሁሉም ፍሎራይድን ይቀንሳሉ፤ ነገር ግን ማጣሪያው በወቅቱ ካልታደሰ፣ ኬሚካሉ ካልቀረበ፣ የሚከታተለው ሰው ካልተገኘ ጥቂት ቆይተው ከንቱ ይሆናሉ። የበለጠ ዘላቂ ሆኖ የተገኘው ምንጩን መቀየር ነው። አዳማ ዛሬ በዋነኛነት የምትጠጣው ከአዋሽ ወንዝ ተጣርቶ የሚመጣውን ውኃ ሲሆን፣ ይህም ፍሎራይዱ ከጉድጓዶቹ እጅግ ያነሰ ነው። ወደ ገጠሩ በተራቅን ቁጥር ግን ጉድጓዱ ዛሬም ብቸኛ ምንጭ የሆነባቸው ቀበሌዎች አሉ።

ይህ ታሪክ ለሙያ ባልደረቦቻችን አንድ ቁም ነገር ያስተምራል። የአፍ ጤና አገልግሎትን ለሕዝብ ማዳረስ ሲባል ቶሎ የሚታሰበን የሐኪም ቁጥርና የሕክምና ወንበር ነው። ሁለቱም ያስፈልጋሉ። ሆኖም የበለዘን ጥርስ መፋቂያም ሆነ ከሰል አያነጣውም፤ ጥርሱን የማልበስ ሕክምናም ለአብዛኛው ቤተሰብ ከአቅም በላይ ነው። ስለዚህ በስምጥ ሸለቆ የጥርስ ሕክምና የሚጀምረው ከውኃው ነው። አዲስ ጉድጓድ ሲቆፈር ፍሎራይዱ አስቀድሞ ይለካ። ንጹሕ ውኃ ጥቂት በሆነበት ቤት ቅድሚያ ከስምንት ዓመት በታች ላሉ ልጆች ይሰጥ። ውኃን ማፍላት ተሐዋስያንን ይገድላል እንጂ ፍሎራይድን እንደማያስወግድ፣ እንዲያውም ውኃው በተነነ መጠን እንደሚያከማቸው ለእናቶች ይነገር። ለታካሚውም ጥፋቱ የእርሱ አለመሆኑን መንገር ከሕክምናው የሚቆጠር ነው።