ክፍሏን የከፈቱት ልጆች

እስቲ ጠጋ በሉና ስሙኝ። ነገሩ የሆነው በአሜሪካ አገር፣ በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ፣ ኧርባና በተባለች ከተማ ነው። ዘመኑ በፈረንጆቹ 1973 መጸው ላይ፤ በእኛ 1966 ዓ.ም. ገና አዲስ ሳለ። (ከዚህ ወዲያ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ የፈረንጆቹ ናቸው።) ኢንተርኔት የሚባል ነገር ማንም ቤት አልገባም። በዚያ ዩኒቨርሲቲ ግን ዶናልድ ቢትዘር የተባሉ መሐንዲስ በ1960 የጀመሩት፣ ተማሪ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጦ የሚማርበት ፕሌቶ የሚሉት ሥራ ነበር። መሐል ላይ አንድ ትልቅ ኮምፒውተር፤ ከእሱ በመስመር የተያያዙ ተርሚናሎች ደግሞ በየቦታው። ስክሪኑ ጥቁር፣ ፊደሉ ብርቱካንማ። ፕላዝማ ነው! ቢትዘርና ባልደረቦቻቸው በ1964 ለዚሁ ሥራ ብለው የፈለሰፉት።

ታዲያ ተማሪው ይማራል፤ ግን ከማሽኑ ጋር ብቻውን ነው። አምስት ሆነን እንጫወት ቢሉስ? ሁሉም ባንድ ጊዜ ከጻፈ የአንዱ ቃል ከሌላው ይደባለቃል። ይህን ጊዜ ዳግ ብራውን የሚባል ወጣት አንድ ነገር ታየው። ስክሪኑን በአግድም መስመር ከፋፈለው፤ ለእያንዳንዱ ሰው የራሱን ሰሌዳ ሰጠው። አንተ ከላይ፣ እሷ ከሥርህ፣ እኔ ከእሷ ሥር። ሁላችንም ባንድ ጊዜ ብንጽፍ ማንም የማንንም አይነካም። ይህን ሐሳብ ይዞ ከጓደኛው ከዴቪድ ዉሊ ጋር ሙሉ ፕሮግራም ሠሩ። ስሙንም ቶኮማቲክ አሉት።

አሁን ልብ በሉልኝ፤ ጣፋጩ ነገር እዚህ ላይ ነው። በቶኮማቲክ ጽፎ፣ አንብቦ፣ አስተካክሎ መላክ የለም። የነኩት ፊደል ወዲያው፣ አንድ በአንድ፣ በሁሉም ስክሪን ላይ ይወጣል። ወዳጅህ ሲያመነታ ታያለህ፤ የጀመረውን ሲያጠፋው ታያለህ፤ ሳይጨርስ ነገሩ ገብቶህ መመለስ ትጀምራለህ። የዛሬው ቴሌግራም ላይ «እየጻፈ ነው» የሚል ምልክት እንጂ የሚጻፈው አይታይም። እኔ የጥንቱ ይበልጥብኛል፤ ፊት ለፊት እንደ ማውራት ነውና።

ቶኮማቲክ ውስጥ የሚጫወቱባቸው ክፍሎች ስድስት ነበሩ። በእያንዳንዱ የሚጽፈው ሰው ከአምስት አይበልጥም፤ የሚመለከት ግን የፈለገው ያህል ይግባ። የሚጽፉት ሰዎች ካሻቸው ክፍሉን ይዘጉታል፤ ያኔ ተመልካችም ይወጣል፣ አዲስ ሰውም አይገባም። ብራውንንና ዉሊን ይህን ሥሩ ብሎ ማን አዘዛቸው? ማንም! የፕሌቶ ቤተ ሙከራ አለቆች የፕሮግራሙን መኖር እንኳ በቅጡ አያውቁም ነበር። ተጠቃሚው ግን ጎረፈ። የሁሉም ሰዓት ሲደመር በቀን ከ40 ሰዓት በላይ ይጫወቱበት ነበር።

ከ15 ዓመት በኋላ፣ በ1988 ነሐሴ ወር፣ በፊንላንድ ኦሉ ዩኒቨርሲቲ ያርኮ ኦይካሪነን የሚባል ተማሪ አይአርሲ የተባለውን የጽሑፍ መጫወቻ ፕሮግራም ሠራ፤ ያም በነጻ ከዩኒቨርሲቲ ወደ ዩኒቨርሲቲ ተዛምቶ ዓለምን አዳረሰ።

ወደ እኛ ልምጣ። ያ ፕላዝማ አገራችንም ገብቷል፤ ከ2004 አንሥቶ በሳተላይት የሚተላለፍ ትምህርት በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ሲያስተምር ኖሯል። አስተማሪው ከስክሪኑ ይናገራል፣ ልጁ ያዳምጣል፤ ልጁ «አልገባኝም» ቢል ግን ስክሪኑ አይሰማውም። ይህ ያንገበግበኛል። ኧርባና ላይ እኮ ያው ብርሃን ልጆቹን እርስ በርስ አገናኝቷቸዋል።

ዛሬ እንደ ቶኮማቲክ ያለ ክፍል ለመሥራት ትልቅ ኮምፒውተር አያስፈልግም። ዌብሶኬት የሚሉት አሠራር በ2011 በደረጃ ተደንግጓል፤ በገጹና በሰርቨሩ መካከል ያለው መስመር ክፍት ሆኖ ይቆያል፣ ፊደሉ ገጹ እንደ አዲስ ሳይከፈት ያልፋል። አንድ አሮጌ ላፕቶፕ ሰርቨር ይሆናል፤ አንድ የዋይፋይ ራውተር ይጨመርበታል። ኢንተርኔት ባይኖርም ግድ የለም፤ ግቢው ውስጥ ያለ ተማሪ በስልኩ ብራውዘር ይገባል። ካርድ አይሞላም፣ ለማንም ኩባንያ ስልክ ቁጥሩን አይሰጥም። ፊደላችንም ከ1999 ጀምሮ ዩኒኮድ በሚሉት የፊደላት የኮምፒውተር መለያ ውስጥ አለ። በአማርኛ ሲሆን ደግሞ ሌላ ውበት አለው፦ ልጅቷ «ስ»ን ነክታ አናባቢውን ስትጨምር፣ የጓደኞቿ ዓይን እያየ ፊደሉ ወደ «ሳ» ይለወጣል።

እናንተ የአይሲቲ መምህራን፣ አደራ፤ ክፍሉን ስትከፍቱ ለልጆቹ ስጧቸው፤ ራሳቸው ይሥሩት። ሰው አታብዙበት፤ አምስት ይበቃል። የሒሳብ ጥያቄ የያዙ አምስት ልጆች ከመቶ ሰው ጩኸት የተሻለ ይግባባሉ። ስድብ እንዳይገባ የምትሰጉ ከሆነ ሁሉም ትምህርት ቤት በሚጠራበት ስሙ ይግባ። መምህሩም ለማየት ሲገባ እንደ ማንኛውም ሰው ስሙ ከላይ ይታይ፤ ልጆቹ ማን እያነበባቸው እንደሆነ ይወቁ።