ወራባ (የሐረር አፈ ታሪክ)

ወራባ በሐረሪ ቋንቋ ጅብ ማለት ነው። በሐረር ከተማ አፈ ታሪክ ወራባ ከሰው ጋር ውል የገባ፣ ጂኒዎችን የሚበላና ከወሊዮች መልእክት የሚያደርስ እንስሳ ሆኖ ይተረካል። በአብዛኛው የኢትዮጵያ ተረት ጅብ ሆዳምና ሞኝ ነው፤ በሌሎች አገሮች የልጆች ታሪኮችም ብዙውን ጊዜ ከክፉዎቹ ወገን ይቆማል። በሐረር ግን የከተማዋ ጎረቤት ነው። አፈ ታሪኩ በቃል ብቻ የሚነገር ሳይሆን በየዓመቱ በዓሹራ ዕለት ከሚቀርበው ገንፎና ከግንቡ ውጪ ማታ ማታ ከሚደረገው የጅብ ምገባ ጋር የተያያዘ ነው።

ስያሜ

ወራባ የሚለው ቃል ከኦሮምኛው «ወራቤሳ» እና ከሶማልኛው «ወራቤ» ጋር ይቀራረባል። ሦስቱም ቋንቋዎች በሐረርና በአካባቢዋ ይነገራሉ። ሐረሪዎች ጅብን «ደርማ ሼኽ» ብለውም ይጠሩታል፤ ትርጉሙ ወጣት ሼኽ ማለት ነው። በአማርኛ ተረት ደግሞ ጅብ «አያ ጅቦ» ይባላል። «አያ» በዕድሜ ለሚበልጥ ወንድ የሚሰጥ የአክብሮት መጠሪያ ቢሆንም በተረቱ ውስጥ ፌዝ አለበት። የሐረሩ «ሼኽ» ግን በእውነት የአክብሮት ስም ነው።

ታሪኩ የሚፈጸምበት ቦታ

አሮጌው የሐረር ከተማ ጁገል በሚባል ግንብ የተከበበ ነው። ግንቡን በ16ኛው ክፍለ ዘመን ያሠራው አሚር ኑር እንደሆነ ይነገራል። ጁገል አምስት ጥንታዊ በሮች ያሉት ሲሆን በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ከበሮቹ ሌላ በግንቡ ግርጌ ትናንሽ ቀዳዳዎች ይገኛሉ። እነዚህ «ወራባ ኑዱል» ማለትም የጅብ ቀዳዳ ይባላሉ። ጅቦች ሌሊት በእነዚህ ቀዳዳዎች ገብተው በጠባቦቹ መንገዶች የተጣለ ትርፍራፊና አጥንት ይለቅማሉ፤ ሳይነጋም ይወጣሉ።

የውሉ አፈ ታሪክ

አፈ ታሪኩ በተለያየ መልክ ይነገራል። በብዛት የሚታወቀው እንዲህ ነው፦ በጥንት ጊዜ ጽኑ ረሃብ ሆነ። የሚበሉትን ያጡ ጅቦች ሰው ማጥቃት ጀመሩ። የከተማዋ ወሊዮች ከሐረር በስተ ደቡብ በሚገኘው በሐኪም ተራራ ላይ ተሰብስበው መከሩ። ጅቦቹን ለመፍጀት ሳይሆን ገንፎ ለማብላት ወሰኑ። ጅቦቹም በምላሹ ሰውን መንካት ተዉ።

በዚህ ትረካ ውስጥ ጅቡ ሰው የሚያጠቃው ክፉ ስለሆነ ሳይሆን ስለራበው ነው። ሰላሙም የተገኘው ከሁለቱ አንዱ በማሸነፉ አይደለም። ስለዚህ ውሉ በየጊዜው መታደስ አለበት፤ የዓሹራ ገንፎም ከዚህ የመጣ ነው ይባላል።

ዋና ዋና ባለታሪኮች

ወሊዮች፦ በታሪኩ ውሉን ያሰሩት ቅዱሳን ሰዎች ናቸው። ሐረር በርካታ የወሊዮች መቃብሮችና መዘከሪያ ቦታዎች ያሏት ሲሆን እነዚህ ቦታዎች «አዋች» ይባላሉ። ወሊዮች ከሞቱ በኋላም በጅብ በኩል ለከተማው ሰው መልእክት ያደርሳሉ የሚል እምነት አለ።

የመንጋው መሪ፦ ገንፎውን ቀድሞ የሚቀምሰው ጅብ ነው። የቀጣዩ ዓመት ዕጣ ከእርሱ አበላል ይገመታል።

ጂኒዎች፦ በዓይን የማይታዩና ሰውን ሊጎዱ የሚችሉ ፍጡራን ናቸው። ጅብ በየመንገዱ ሲዞር እነርሱን ይበላል፣ ከተማዋንም ያጸዳል ተብሎ ይታመናል።

የከተማው ሰው፦ በትረካው ውስጥ ስም የለውም። ሆኖም ውሉን በየዓመቱ የሚጠብቀው እርሱ ነው።

የዓሹራ ገንፎ

ዓሹራ በሙሐረም ወር በ10ኛው ቀን ይውላል። በዚህ ዕለት ቅቤ የገባበት ገንፎ ተዘጋጅቶ ለጅቦች ይቀርባል። መሪው ጅብ ከግማሽ በላይ ከበላና ሌሎቹም ተከትለው ከበሉ መጪው ዓመት የጥጋብ እንደሚሆን ይታሰባል። አልበላም ካለ ወይም አንዳች ሳያስተርፍ ከጨረሰ ግን የክፉ ጊዜ ምልክት ነው፤ ሰዎችም ወደ አዋች ሄደው ይጸልያሉ። ምልክቱ ሁለት ጫፎች ያሉት መሆኑ ልብ ይባላል፦ የጅቡ እምቢታም ስግብግብነቱም ያስፈራል፤ ደግ የሚባለው መሃሉ ነው።

አያ ጅቦና ሌሎች የተረት እንስሳት

በአማርኛ ተረቶች አያ ጅቦ ጉልበት እንጂ ብልሃት የለውም። ብልሃቱ የእመት ጦጣ ነው። በሰፊው በሚታወቀው የአህያዋ ተረት ደግሞ አንበሳ፣ ነብርና ጅብ ስለ ድርቁ ኃጢአታቸውን ይናዘዛሉ። ሦስቱ ሌሎች እንስሳትን መብላታቸውን ሲናገሩ ይቅር ይባባላሉ፤ ጥቂት ሣር በላሁ ያለችው አህያ ግን ጥፋተኛ ተብላ ትበላለች። ይህ ተረት ሃሮልድ ኩርላንደርና ቮልፍ ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1950 በእንግሊዝኛ ባሳተሙት የኢትዮጵያ ተረቶች መድበል ውስጥ ይገኛል። ሌስላው በኋላ የሐረሪ ቋንቋ መዝገበ ቃላት ያዘጋጀ ምሁር ነው።

በዚያው በ1950 ሲ.ኤስ. ሌዊስ ስለ ናርኒያ ምድር የጻፋቸው የልጆች መጻሕፍት የመጀመሪያው ታትሟል። በዚያ ታሪክ ልጆች በቁም ሣጥን በኩል እንስሳት ወደሚናገሩበት ዓለም ይገባሉ። አንበሳው አስላን ደግ ንጉሥ ሲሆን ተኩላው ሞግሪም የጠንቋይዋ አገልጋይ ነው፤ ፍጻሜውም በጦርነት ይወሰናል። እ.ኤ.አ. በ1994 በወጣው «አንበሳው ንጉሥ» በተሰኘው ፊልምም ጅቦች ከክፉው ወገን ናቸው። በሐረር ትረካ ግን ሰው ወደ አውሬው ዓለም አይሻገርም፤ አውሬው ራሱ በቀዳዳ ወደ ሰው ከተማ ይገባል፤ ነገሩም በማዕድ ይፈታል።

ጅቡ በተፈጥሮ

በሐረር የሚታየው ነጠብጣቡ ጅብ ነው። አያ ጅቦ በተረት ወንድ ቢሆንም በዚህ ዝርያ ከወንዶቹ የሚገዝፉትና መንጋውን የሚመሩት ሴቶቹ ናቸው። መንጋጋው አጥንት ይሰብራል፤ ሆዱም አጥንት ይፈጫል። ስለዚህ ከተማውን ያጸዳል የሚለው እምነት ጂኒን ባይጨምር እንኳ ስለ ቆሻሻው እውነት ነው።

ጅብ መጋቢዎች

ለጎብኚዎች የሚታየው የማታ ምገባ ከዓሹራው ገንፎ የተለየና ከእርሱ በኋላ የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ገደማ እንደተጀመረ ይነገራል። ከታወቁት መጋቢዎች አንዱ ዩሱፍ ሙሜ ሳሊህ ሲሆኑ ሥራውን ልጃቸው አባስ ዩሱፍ ቀጥሏል። መጋቢው ጅቦቹን በስማቸው ይጠራል፤ ሥጋውንም በእንጨት አንጠልጥሎ ያጎርሳቸዋል። አውስትራሊያዊው አጥኚ ማርከስ ቤይንስ ሮክ በሐረር ኖሮ የሰውንና የጅብን ግንኙነት ያጠና ሲሆን መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ2015 ታትሟል።

አፈ ታሪኩ ዛሬ

ሐረር ከጁገል ውጪ እየሰፋች ስትሄድ ቀድሞ ጅቦች የሚያድሩባቸው ዳርቻዎች ይጠባሉ። ምገባውም የቱሪስት መስህብ ሆኗል። «ጅብ ከማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ» የሚለው ተረት የሚያሾፈው ቁርበት በሊታው ማንነቱን ደብቆ እንግዳ በመምሰሉ ነው። የሐረር ሰው ግን ጅቡን ያውቀዋል፤ ምን እንደሚበላም ያውቃል። ወራባ በሐረር ጎረቤት ሆኖ የሚቆየው ይህ ዕውቀት ከገንፎው ጋር ለልጆች እስከተላለፈ ድረስ ነው።