ስምን መልአክ ያወጣዋል፤ ፊደሉንስ?

ከአንድ ወር በፊት ሴት ልጅ ተወለደችልን። በሰባተኛው ቀን ከሚሴ፣ እናቴ ቤት፣ በግ ታረደ፤ ሼኹ ዱዓ አደረጉ፤ ስም ወጣ። ዹጋ። በኦሮምኛ እውነት ማለት ነው።

ዱጉማ ወይም ዱጋሳ የሚባል ወንድ ብዙዎቻችሁ ሳታውቁ አትቀሩም። ብቻውን፣ ለዚያውም ለሴት ልጅ፣ ዹጋ ብሎ ያወጣ ሰው ግን እኔም አላጋጠመኝም። ያልተለመደ መሆኑን እያወቅን ነው ያወጣነው።

ፊደሏን ልብ በሉልኝ። «ዱ» አይደለችም፤ «ዹ» ናት። ምላስ ወደ ላንቃ ታጥፎ፣ አየር ወደ ውስጥ እየተሳበ የሚወጣ ድምፅ ነው። አማርኛ ይህ ድምፅ የለውም። ስልካችሁ ላይ ባዶ ሳጥን ሆና ከታየቻችሁ የዛሬው ጽሑፍ ስለምን እንደሆነ ገብቷችኋል ማለት ነው።

የምንኖረው ሌላ ከተማ ስለሆነ ልደቷን ላስመዘግብ ወደዚያው የመዝገብ ቢሮ ሄድኩ። ስሟን በወረቀት ጽፌ ሰጠሁት።

«ወንድሜ፣ ይኼ ፊደል እኛ ጋ የለም» አለኝ ጸሐፊው። «ዱጋ ልበለው ወይስ ጡጋ?»

«ሁለቱም አይደለም።»

«እንግዲያው ለምን ቀለል ያለ ስም አታወጡላትም? ሲዲቃም እኮ እውነተኛ ማለት ነው።»

ሰውዬው ክፉ አልነበረም። ከኋላዬ ወረፋ ነበረበት። እኔም «ተመልሼ እመጣለሁ» ብዬ ወጣሁ። ስምን መልአክ ያወጣዋል እንላለን፤ ፊደሉን የሚያወጣው ግን ወረፋ የበዛበት ጸሐፊ ነው።

መጀመሪያ የመሰለኝ የአንድ ቢሮና የአንድ ግትር አባት ጉዳይ ነበር። ቤት ገብቼ ሳስበው ግን ወሎ በዚህ ጉዳይ የቆየ ልምድ እንዳለው ትዝ አለኝ።

*

በ1870 ዓ.ም ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ከደሴ አቅራቢያ ቦሩ ሜዳ ላይ ጉባኤ ጠሩ። ምኒልክም ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ሹመቱን ይዞ መቆየት የፈለገ የወሎ ሙስሊም መኳንንት ክርስትና መነሣት ግድ ሆነበት። ኢማም መሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ የክርስትና አባታቸው ራሳቸው ንጉሠ ነገሥቱ ነበሩ። ተቀናቃኛቸው አመዴ፣ አባ ዋጠው የሚባሉት፣ ኃይለ ማርያም ሆኑ፤ የእሳቸው የክርስትና አባት ምኒልክ ነበሩ። ሚካኤል ቆይተው ራስ፣ በ1906 ዓ.ም ደግሞ ንጉሥ ሆኑ። የልጅ ኢያሱ አባት ናቸው።

ተራው ሰውስ? አንዳንዱ ሀገር ጥሎ ተሰደደ። አንዳንዱ እንደ ሼኽ ጦልሃ ኢብን ጃዕፈር አምጾ ተዋጋ። ሌላው ደግሞ ቀን ክርስቲያን፣ ማታ እስላም ሆኖ አደረ። ለአደባባዩ አንድ ስም፣ ለቤቱ ሌላ ስም ያዘ።

ይህን ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ የምንናገረው ስለ ሃይማኖትና ስለ ሥልጣን ስናወራ ነው። ስለ ስም ብቻ ብለን ስናየው ግን ሌላ ነገር ይታየናል። አዋጅ ስምን ሊለውጥ ቻለ፤ ሁለተኛ ስም መያዝን ግን ሊከለክል አልቻለም። ራስ ሚካኤልን ራሳቸውን እዩ፦ ሲወለዱ መሐመድ፣ ሲጠመቁ ሚካኤል፣ በፈረስ ስማቸው አባ ሻንቆ። ሦስቱም የአንድ ሰው ስም መሆኑን ያላወቀ አልነበረም። «ከሦስቱ የትኛው ነው ትክክለኛው?» ብሎ ደብዳቤ የጠየቃቸውም የለም።

ስም ከላይ በአዋጅ ብቻ አልተለወጠም፤ ከታች ሕዝቡም እንደ አፉ አለዘበው። የዐረቡ ኢድሪስ እኛ ጋ ሲደርስ እንድሪስ ሆነ። አሕመድ አመዴ ሆነ። ፋጢማ ፋጡማ፣ ኸዲጃ ከድጃ፣ ዘይነብ ዘይነባ፣ ኢማም ይማም ተባሉ። እነዚህ ስሞች ዛሬ ከዐረብ ሀገር የመጡ ሳይሆን ወሎ የበቀሉ ይመስላሉ። የተሳሳተ ስም ነው ብሎ ያረማቸው ሼኽ አላውቅም። ስም የሚኖረው በአፍና በጆሮ ስለነበር፣ ተጠሪው «አቤት» ካለ በቂ ነበር።

የሚጽፉትም ቢሆኑ ለፊደል አልተገዙም። የወሎ ዑለማ መንዙማውን በአማርኛ ገጥመው በዐረብኛ ፊደል ይጽፉት ነበር፤ ዐጀም የምንለው ይኼ ነው። ሼኽ ጦልሃም በዚህ መንገድ ከጻፉት አንዱ ናቸው። ዐረብኛ «ጨ» የለውም፤ «ኘ» የለውም። እነሱ ግን «ፊደሉ የለም፤ ስለዚህ ቃሉን እንቀይር» አላሉም። ፊደሉን ለቃሉ አስታጠቁት።

*

የግዕዝ ፊደልም ታሪኩ እንዲሁ ነው። ግዕዝ «ሸ»፣ «ቸ»፣ «ኘ»፣ «ጀ»፣ «ጨ» አልነበሩትም። አማርኛ መጻፍ ሲጀምር ጸሐፍት «ሸ»ን ከ«ሰ»፣ «ቸ»ን ከ«ተ»፣ «ኘ»ን ከ«ነ»፣ «ጀ»ን ከ«ደ»፣ «ጨ»ን ከ«ጠ» ቀጠሏቸው። ያ ባይሆን ሸዋ፣ ጎጃም፣ ጨፋ ብለን መጻፍ ባልቻልን ነበር። ዛሬ «የአማርኛ ፊደል» እያልን የምንኮራባቸው እነዚህ ሆሄያት አንድ ቀን አንድ ጸሐፊ «ይኼ እኛ ጋ የለም» ብሎ ያልመለሳቸው ናቸው።

«ዸ»ም ከ«ደ» የተወለደችው በዚሁ መንገድ ነው፤ ኦሮምኛን በግዕዝ ፊደል ለመጻፍ። ትንሽ የምትመስል ፊደል ናት፤ ግን ስታጡት የምትታወቅ። ዴዴሳ ብለን የምንጽፈው ወንዝ በኦሮምኛ ሁለቱም «ደ»ዎቹ እንደ «ዸ» ናቸው። ካርታችን ላይ አንዱም የለም።

በዚህ ፊደል ከሠሩት ሁሉ ታሪኩ የሚደንቀኝ የኦኔሲሞስ ነሲብ ነው። ኢሉባቦር ተወልዶ፣ በልጅነቱ በባርነት ተሽጦ፣ ምጽዋ ላይ ነፃ ወጣ። ከዚያ በሚሲዮን ተማረ፤ ሲጠመቅም ኦኔሲሞስ ተባለ። ከአስቴር ጋኖ ጋር ሠርቶ መጽሐፍ ቅዱስን በሙሉ ወደ ኦሮምኛ መለሰው፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1899 በግዕዝ ፊደል ታተመ። ሲወለድ የወጣለት ስም ሂካ ነበር። ሂካ በኦሮምኛ ተርጓሚ ማለት ነው። ሰዎች ስሙን ለወጡት፤ እሱ ግን እንደ ስሙ ኖረ።

*

በ1984 ዓ.ም ኦሮምኛ በላቲን ፊደል፣ በቁቤ፣ እንዲጻፍ ተወሰነ። ቁቤ ለ«ዸ» ድምፅ «ዲ»ና «ኤች»ን አጣምሮ ይጽፋል፤ ረጅሙን ድምፅ ደግሞ አናባቢውን በመድገም ያሳያል። ግዕዝ የማያሳየው ይኼን ነው፤ ከሚሴ ስንል «ሴ» ረዘም እንደምትል ፊደላችን አይነግራችሁም። የልጄ ስም በቁቤ ያለ ምንም ጭንቅ ይጻፋል፦ ዲ፣ ኤች፣ ዩ፣ ጂ፣ ኤ፣ ኤ።

ታዲያ ችግሩ የቱ ላይ ነው? የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ያለው አማራ ክልል ውስጥ ነው። ከሚሴ፣ ባቲ፣ ደዋ ጨፋ፣ አርጡማ ፉርሲ ያለ ልጅ በትምህርት ቤት ስሙን በቁቤ ይጽፋል። ወደ ክልል ቢሮ ሲሄድ በአማርኛ ይጻፋል። ፓስፖርት ሲያወጣ ደግሞ ላቲኑ በእንግሊዝኛ ልማድ ይሆናል።

ጫልቱን ውሰዱ። በቁቤ የምትጀምረው በ«ሲ» ብቻ ነው፤ በእንግሊዝኛው ልማድ በ«ሲ ኤች»። ፋጡማ በቁቤ «ጡ»ዋ የምትጻፈው በ«ኤክስ» ነው። ቁቤ የማያውቅ ሰው ሲያነባት «ፋክሱማ» ትሆናለች። ሁለቱም ላቲን ናቸው፤ ሁለቱም ትክክል ናቸው። ኮምፒውተር ግን ሁለት ሴቶች ናቸው ይላል።

በአማርኛውም ሰላም የለም። የአባቴ ስም በእኔ ወረቀቶች ላይ በሦስት ዓይነት ተጽፏል፦ ሙሐመድ፣ መሀመድ፣ ሙሃመድ። ለጆሮ ያው ነው። ከዓመታት በፊት አንድ ቢሮ በዚህ ምክንያት ጉዳዬን አንጠልጥሎት «የሁሉም ስሞች ባለቤት አንድ ሰው ነው» የሚል ማረጋገጫ ፍለጋ ለሳምንታት ተንከራተትኩ። ራስ ሚካኤል በሦስት ስም ንጉሥ ሆኑ፤ እኔ በአንድ ስም በሦስት «ሐ» ምክንያት ወረፋ ላይ ቆምኩ።

በመካከላችን ያለው ልዩነት መዝገብ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ለእያንዳንዱ ሰው የቤተሰብ ስም ይኑረው ብሎ ነበር፤ ሕዝቡ ግን የራሱን፣ የአባቱንና የአያቱን ስም እየደረደረ ኖረ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃን ስም የማግኘት መብት እንዳለው ደነገገ። አዋጅ ቁጥር 760/2004 ልደት በ90 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ አስገደደ፤ ምዝገባው በ2008 ዓ.ም መጨረሻ ተጀመረ። በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 ደግሞ ፋይዳ መጣ። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ቁጥር፣ አንድ አሻራ፣ አንድ አጻጻፍ።

ምዝገባን የምቃወም እንዳይመስላችሁ። ያልተመዘገበ ልጅ ዕድሜውን ማስረዳት አይችልም፤ ያለ ዕድሜዋ የምትዳርን ልጅ ለማስጣል መጀመሪያ የሚያስፈልገው የልደት ወረቀት ነው። የምለው ሌላ ነው። አያቶቻችን ሲጨንቃቸው ሁለተኛ ስም ይይዙ ነበር። ያ መውጫ ተዘግቷል። ስለዚህ ዛሬ በአንዲት ፊደል ላይ የሚደረግ ስህተት ድሮ ከነበረው እጅግ ይከብዳል፤ ዕድሜ ልክ ይከተላል።

*

ባለቤቴ ከእኔ ይልቅ አርቃ አይታለች። አማርኛ ተናጋሪ የወሎ ቤተሰብ ልጅ ናት። ከቢሮው ስመለስ እንዲህ አለችኝ፦

«ስሙን እወደዋለሁ። ግን እኮ የሚከብደው ለእኛ አይደለም፤ ለእሷ ነው። በየቢሮው ስታስረዳ ትኑር? ደግሞ መንገድ ላይ…»

አልጨረሰችውም። በ2013 ዓ.ም በአጣዬና በአካባቢው የሆነውን የሚያውቅ ሰው ይጨርሰዋል። በዚያ አውራ ጎዳና የሚጓዝ ሰው ስሙ ሲጠራ ሰሚው ምን እንደሚሰማ ያስባል። መታወቂያ ላይ ብሔር ባይጻፍም ስም ራሱ ብሔር ሆኖ ይነበባል። ስንት ወላጅ ነው ለልጁ «ገለልተኛ» ስም ሲፈልግ ያየሁት! ኦሮሞም አማራም፣ ሙስሊምም ክርስቲያንም የማያስብል ስም። ይህ አዋጅ የሌለው ቦሩ ሜዳ ነው። ማንም አላዘዘንም፤ እኛው ፈርተን ስማችንን እንለውጣለን።

ፍርሃቷን አልናቅኩም፤ ዛሬም አልንቅም። ይሁን እንጂ ከፍርሃት የተመረጠ ስም ልጁን ከአደጋ ሲያድን አላየሁም። ሰው በስሙ የሚጠላ ሰው ሌላ ምልክት አያጣም። ይህንን ስነግራት ዝም ብላ ቆየችና «እሺ፣ ግን በትክክል አስጽፈው» አለችኝ።

በሳምንቱ ተመልሼ ሄድኩ። የግዕዙ ረድፍ ላይ ተሸነፍኩ፤ «ዱጋ» ተብሎ ተጻፈ። የላቲኑን ረድፍ ግን ከ«ዲ» ቀጥሎ «ኤች» ሳይገባ አልፈርምም አልኩ። ጸሐፊው ሳቅ ብሎ ጨመረልኝ። ሽንፈቴን ያመረረው ግን አንድ ነገር ነው፦ ዩኒኮድ የተባለው የዓለም የፊደል መዝገብ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1999 የግዕዝን ፊደል ሲመዘግብ «ዸ»ን ከነቤተሰቧ መዝግቧታል። ኮምፒውተሩ ያውቃታል። የማናውቃት እኛ ነን።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። የመዝገብ ቢሮዎቻችን የግዕዝን ፊደል ሙሉውን ይጫኑ፤ «ዸ»ን ጨምሮ። ስም የሚጻፈው ጸሐፊው እንደሰማው ሳይሆን ወላጅ ጽፎ እንዳቀረበው ይሁን። የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ልጆች የቁቤ አጻጻፋቸው በላቲኑ ረድፍ እንዳለ ይግባላቸው፤ ላቲን ወደ ላቲን መገልበጥ አስተርጓሚ አያስፈልገውም።

ልጅ የምትጠብቁ ደግሞ ይህን አድርጉ። የስሙን አጻጻፍ በሁለቱም ፊደል ቤት ውስጥ ጨርሳችሁ፣ በወረቀት ይዛችሁ ሂዱ። «ሀ» ይሁን «ሐ»፣ «አ» ይሁን «ዐ»፣ ወስኑ። የክትባት ካርዱም፣ የልደት ወረቀቱም፣ ፋይዳውም በዚያው ይሁን። ወረፋው ቢያጉረመርምም ሳታነቡ አትፈርሙ።

እናቴ ፊደል አልቆጠረችም። በየማታው ስልክ ደውላ «ዹጋዬ ተኛች?» ትላለች፤ ድምፁን አንድ ቀን አልሳተችም። ልጄ አድጋ ስሟን በራሷ እጅ ስትጽፍ የትኛውን ፊደል እንደምትመርጥ አላውቅም። መብቱ የእሷ ነው። የእኛ ድርሻ ስትመርጥ ፊደሉ እንዳይጠፋባት ማድረግ ነው።