ያስፈራው ምን ነበር?

አንድ የኪነ ጥበብ ሥራ አንባቢውን ሲያስደነግጥ፣ የድንጋጤውን ምንጭ መመርመር የሐያሲ ተግባር ነው። የአሜሪካ ሥዕላዊ ታሪኮች ለዚህ አብነት ይሆናሉ።

እ.ኤ.አ. ከ1950 ጀምሮ አሳታሚው ዊልያም ጌይንስ በ«ኢሲ ኮሚክስ» ድርጅቱ ያወጣቸው የነበሩት አስፈሪና ሳይንሳዊ የልብ ወለድ መጽሔቶች ሕዝቡን ለሁለት ከፈሉት። ወጣቶች እየተሻሙ ያነቧቸው፣ አድናቆታቸውንና ትችታቸውንም በደብዳቤ ይልኩ ነበር። ብዙ ወላጆችና መምህራን ግን በየገጹ የሚፈሰው ደም ልጆችን ለወንጀል የሚያነሣሣ መስሎ ታያቸው። በ1954 የሥነ አእምሮ ሐኪሙ ፍሬድሪክ ወርትሃም ይህንኑ ክስ በመጽሐፍ አጠናከረ። በዚያው ዓመት ጌይንስ በሕግ መወሰኛው ምክር ቤት ንኡስ ኮሚቴ ፊት ቀርቦ ተጠየቀ፤ አሳታሚዎችም በገዛ ሥራቸው ላይ የሳንሱር ደንብ አወጡ።

የደንቡ እውነተኛ ገጽታ የተገለጠው ግን ደም በሌለበት ታሪክ ነው። በ1953 በወጣው «የፍርድ ቀን» ውስጥ ከምድር የተላከ ጠፈርተኛ የሮቦቶችን ዓለም ይመረምራል። ሮቦቶቹ ከቀለማቸው በቀር ልዩነት የላቸውም፤ ሆኖም ብርቱካናማዎቹ ባለመብት፣ ሰማያዊዎቹ የበታች ናቸው። በመጨረሻው ሥዕል ጠፈርተኛው የራስ ቁሩን ሲያወልቅ ጥቁር ሰው ሆኖ ይታያል።

ታዋቂው ደራሲ ሬይ ብራድበሪ ታሪኩን አድንቆ ለአሳታሚው ጻፈ። ዳግም ሊታተም ሲል ግን የደንቡ አስፈጻሚ «ጠፈርተኛው ጥቁር መሆን የለበትም» በማለት ተቃወመ። ጌይንስ አሻፈረኝ ብሎ በ1956 ሳይለውጥ አሳተመው፤ መጽሔቱም የድርጅቱ የመጨረሻ ኮሚክ ሆነ።

በዚያ ሥዕል ላይ ጭራቅም ሆነ ሬሳ አልነበረም። ሳንሱሩን ያስፈራው ላብ ያቸፈቸፈው የሰው ፊት ነበር።